አልበላ ያለችው እንሽላሊት

እንሽላሊቷን የተወልኝ የአበባ እርሻው ፈረንጅ ነው። እኔ የእርሻው ጸሐፊ ነበርኩ፣ እሱ ደግሞ የችግኝ ባለሙያ። በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ሰበብ የጅማ መንገድ በተዘጋ ቁጥር መስኮቱ ጋ ቆሞ ውጭ ውጭውን ያያል። አገሩ ግባ ሲለው ሻንጣውን ይዞ መጣና የእንሽላሊቷን የመስታወት ሳጥን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። «ቶሎ እመለሳለሁ» አለኝ። አልተመለሰም።

እሱ ጌኮ ነው የሚላት። ቢጫ ናት፤ ጥቁር ነጠብጣብና ወፍራም ጅራት አላት። ሰበታ ወደተከራየሁበት ግቢ ይዣት ስገባ አከራዬ አማተቡ። ባላቸው የሞቱባቸው የገበሬ ቤት እናት ናቸው፤ ዓለም ገና ላይ ባጃጅ ከሚነዳው የመጨረሻ ልጃቸው ጋር ይኖራሉ።

«ይሄን ሰው ቤቱ ያስገባል?» አሉ። ልጃቸው ግን ሳቀና ሳጥኑን ተቀብሎኝ ክፍሌ አደረሰልኝ።

ብዙም ሳይቆይ መብራት መጥፋት አበዛ። የምትሞቅበት አምፖል ጨለመ፤ ፈረንጁ ምግቧ ላይ እንድነሰንስ የሰጠኝ ነጭ ዱቄትም አለቀ። ከዚያ እንሽላሊቷ መብላት ተወች። ፌንጣ ፊቷ ላይ እየዘለለ ዝም ብላ ታየዋለች። ጅራቷ ሟሸሸ፣ የፊት እግሮቿ እንደ ሽቦ ጎበጡ። አንድ ቀን ልትራመድ ስትል ጣቶቿ ተንቀጠቀጡና በሆዷ ተደፋች።

አዲስ አበባ ውስጥ ውሻ የሚያክም ሐኪም ስልክ አግኝቼ ደወልኩለት።

«ይዘሻት ነይ።»

«መንገድ ዝግ ነው።»

«እሺ፣ መንጋጋዋን በቀስታ ንኪው። ይለመጣል?»

«አዎ።»

«የካልሲየም እጥረት ነው፤ አጥንቷ እየላመ ነው። ማኘክ ስለሚያማት ነው የማትበላው። የእንቁላል ቅርፊት አድርቀሽ እንደ ዱቄት ፍጪው። ፌንጣ ጨፍልቂና ከሱ ጋር ለውሰሽ ከንፈሯን ቀቢያት፣ ትልሳለች። የጠዋት ፀሐይም ታግኝ፣ ግን በመስታወት ውስጥ አይደለም።»

በማግስቱ ከቤቱ ጀርባ ያለው የታጨደ ማሳ ላይ ጎንበስ ብዬ ፌንጣ እየያዝኩ ጠርሙስ ውስጥ ስጨምር ወታደሮች የጫነች ፒካፕ መንገዱ ላይ ቆመች። አንዱ ወረደ።

«ምንድን ነው የምትቀብሪው?»

«ፌንጣ እየያዝኩ ነው።»

ጠርሙሱን ተቀብሎ ከፈተው። አንዷ ዘላ የደንብ ልብሱ ላይ አረፈች። ማንም አልሳቀም።

«ለምንሽ ነው?»

«ለእንሽላሊት።»

ወታደሩ ግን እኔን አያይም ነበር። ጣሪያው ሥር የቆመችውን ባጃጅ ነው የሚያየው። «የማን ናት?»

«እኔ ተከራይ ነኝ፣ አላውቅም» አልኩ። ጠርሙሱን ወረወረልኝና ሄዱ።

ያን ሰሞን መንገድ ትዘጋላችሁ እየተባሉ የሚያዙት የባጃጅ ሹፌሮች ስለነበሩ ለአከራዬ ለእማማ ነገርኳቸው። ተጂ ከተማ አክስቱ ጋ እንዲሄድ ልጃቸውን ለመኑት። «ምን አደረግኩና ነው የምሸሸው?» አላቸው። በማግስቱ ዓለም ገና ተራ ሲጠብቅ ከሌሎች ሹፌሮች ጋር ጭነው ወሰዱት።

ከዚያ ወዲህ እማማ ምግብ በሳህን ቋጥረው ጣቢያ ለጣቢያ ይዞራሉ። ሳህኑ ሳይነካ ተመልሶ ይመጣል። «እዚህ የለም አሉኝ» ይላሉ፣ ሌላ አይናገሩም። እሳቸውም እህል ተዉ። ጎረቤት አንድ በአንድ መምጣቱን ቀነሰ፤ ሰላምታው እንኳን ከአጥር ውጭ ሆነ።

እኔ ጠዋት ጠዋት ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጬ የእንሽላሊቷን ከንፈር እቀባለሁ። አንድ ቀን እማማ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«በላች?»

«ላሰች፣ እማማ። እርስዎስ?»

«እኔ ምን አፍ አለኝ? ኢልማ ኮ… ልጄ ምን በልቶ ይሆን?»

ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። እንሽላሊቷን መዳፋቸው ላይ አኖርኩላቸው። እማማ የጎበጡትን እግሮች አይተው፣ «ይቺ ምን በደለች?» አሉና በነጠላቸው ጫፍ ከነፋስ ከለሏት።

እንደዚያ እንደተቀመጥን ከእርሻው በኩል ጥቁር ጭስ ተነሳ። የሚነደው የአበባ ቤቱ ላስቲክ ነበር፤ ሽታው ግቢያችን ድረስ መጣ። ከሩቅ ጩኸት፣ ቀጥሎ ተኩስ ሰማን። ሥራዬ እዚያ አለቀ።

እማማ ወደ ጭሱ ዞሩ።

«ያ እርሻው ያረፈበት መሬት የባለቤቴ ነበር፣ ወሰዱበት» አሉ። «እስከሚሞት ድረስ አፉ ላይ ነበር። አንድ ቀን ሲነድ ባይ ደስ የሚለኝ ይመስለኝ ነበር። አሁን የማስበው ይሄንንም ልጄን እንዳይጠይቁት ነው።»

ገብቼ ሽሮ ሠራሁ፤ እንጀራውን ጠቅልዬ አፋቸው ድረስ ወሰድኩ። ሁለት ጊዜ ፊታቸውን አዞሩ። በሦስተኛው ተቀበሉኝ፣ እያለቀሱ አኘኩት።

እንሽላሊቷ ዳነች። መንጋጋዋ ጠነከረ፣ ፌንጣ ራሷ ማደን ጀመረች፤ እግሮቿ ግን አልቀኑም። ተዘግቶ የከረመው ኢንተርኔት ሲለቀቅ ፈረንጁ አንቺው ጋ ትሁን ብሎ ጻፈልኝ።

ልጁም ተመለሰ። ፀጉሩ ተላጭቷል፣ ከስቷል፤ የት እንደነበረ አይናገርም። እማማ ሲያቅፉት ክንዱን አሞት ሲሸሽ አየሁ። ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ልሄድ ዕቃዬን የጫንኩ ዕለት አብረን ምሳ በላን። እሱ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ተቀምጧል። ውጭ አንድ መኪና ፍጥነቱን ሲቀንስ ማኘኩን አቆመ። እናቱም አቆሙ። መኪናው እስኪያልፍ ሦስታችንም ጉርሻችንን እንደያዝን ቆየን።