የማይጠብቀው አውቶቡስ

አቶ ሞሲሳ ሌንጮ ዛሬ የሚኖሩበት የየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ብሎክ የቆመው አባታቸው ሽንብራ ይዘሩበት በነበረው ማሳ ላይ ነው። ይህን የሚናገሩት ሲጠየቁ ብቻ ሲሆን፣ ሲናገሩም ሰው የቤቱን ቁጥር እንደሚናገር ያለ ምሬት ይናገሩታል። በወጣትነታቸው ከዚሁ ማሳ ተነሥተው መሃል ከተማ ገቡ፤ መኪና አጠቡ፣ መንጃ ፈቃድ አወጡ፣ ከዚያም ሃያ ሰባት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነዱ። ጡረታ ወጥተው ወደ ተወለዱበት ስፍራ ሲመለሱ ማሳው ባለ አራት ፎቅ ሆኖ ቆያቸው።

የእድራችንን አውቶቡስ መንዳት የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው። አውቶቡሱ ለቀስተኛን ወደ ቀብር ቦታ ለማመላለስ በአባላት መዋጮ የተገዛ አሮጌ መኪና ነው። ቀብር በሌለ ቀን ድንኳኑና አግዳሚ ወንበሮቹ ከሚቀመጡበት መጋዘን ጎን ቆሞ ይውላል። እኔ የእድሩ ጸሐፊ እንደ መሆኔ የመጋዘኑ ቁልፍ በእጄ ስለ ነበር አቶ ሞሲሳን በየማለዳው አያቸዋለሁ። የሚወስዱት ሰው ባይኖርም እንኳ መጥተው የአውቶቡሱን ሞተር ያስነሣሉ፣ መስተዋቱን ይወለውላሉ፣ የእጅ ሰዓታቸውን በሬዲዮ የሰዓት ምልክት ያስተካክላሉ።

የእኛ ሰፈር በሕዝቡ ብዛት ከብዙ የወረዳ ከተሞች ይበልጣል። ሆኖም ነዋሪውን ከየብሎኩ ሰብስቦ አያት ባቡር ጣቢያ የሚያደርስ የራሱ አውቶቡስ አልነበረውም። ሚኒባሶች ማለዳ አንድ ዙር ይዘው ከወጡ በኋላ ለመመለስ ይዘገያሉ። ሰልፉ ከፋርማሲው ጀምሮ የወፍጮ ቤቱን አጥር ይዞራል። በዚህ ምክንያት ሊቀመንበራችን ወይዘሮ ሙሉአለም በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ተነሥተው፣ ቀብር የሚፈጸመው ከቀትር በኋላ ስለሆነ አውቶቡሱ ጠዋት ጠዋት ለሕያዋን ይሥራ፣ ወጪውንም እድሩ ይሸፍን የሚል ሐሳብ አቀረቡ።

አዳራሹ ተናወጠ። አጥብቀው የተቃወሙት ምክትል ሊቀመንበሩ አቶ ኦላና ነበሩ። አቶ ኦላና የግንባታ ዕቃ ነጋዴና የራሳቸው መኪና ያላቸው ሰው ናቸው፤ ክርክራቸው ግን ባለ መኪና ሰው የሚያቀርበው ተራ ክርክር አልነበረም።

«አውቶቡስ ማቅረብ የመንግሥት ሥራ ነው» አሉ። «ዛሬ እኛ ከሸፈንንለት ነገ እነዚህ ሰዎች ችለዋል ብሎ ይረሳናል። ደግሞስ በሬሳ መኪና ማን ሥራ ይሄዳል?»

«ሬሳ ተጭኖበት አያውቅም፤ ለቀስተኛ ነው የተጫነበት» ብለው አንዲት እናት ከኋላ መለሱላቸው። «ለቀስተኛ ደግሞ እርስዎም ነዎት!»

ከብዙ ሙግት በኋላ አገልግሎቱ ለአንድ ወር እንዲሞከር፣ በወሩ መጨረሻ እሑድም ጉባኤው ድምፅ እንዲሰጥ ተወሰነ። ሰው ካልተሳፈረ አውቶቡሱ ወደ መጋዘኑ ጎን ይመለሳል። አቶ ሞሲሳ ኃላፊነቱን ሲቀበሉ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ አውቶቡሱ በየፌርማታው የሚደርስበትና የሚነሣበት ደቂቃ ተጽፎ ይለጠፍ፣ ማንም ሰው ደግሞ አይጠበቅ።

«ሊቀመንበሯም ቢሆኑ?» አለ አንዱ።

«እሳቸውም ቢሆኑ።»

ጉባኤው ስቆ አጸደቀው። የምራቸውን መሆኑን ያመነ ሰው የነበረ አይመስለኝም።

የመጀመሪያው ፌርማታ መነሻ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአምስት ነበር። የተሳፋሪውን ብዛት እንድመዘግብ ታዝዤ ስለ ነበር ከበሩ አጠገብ ተቀመጥሁ። እኛ የዚህ ከተማ ሰዎች ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው መኪና ሲሞላ የሚነሣ ነው። ወንበሩ ባዶ ከሆነ ጊዜ አለ ማለት ነው። ስለዚህ ሰው ሁሉ ከየበረንዳው ወደ ታች እያየ፣ ወንበሮቹ ባዶ መሆናቸውን እያረጋገጠ፣ ተረጋግቶ ሻዩን ይጠጣ ነበር። አቶ ሞሲሳ ሰዓታቸውን አዩና ሦስት ሰው ይዘው ተነሡ።

አንድ ጎረምሳ የጥርስ ብሩሽ በአፉ እንደያዘ ከሁለተኛ ፎቅ ጮኸ፦ «ጋሼ! ኧረ ወዴት ነው? ባዶ እኮ ነው!»

«ታዲያ ይቀልለዋል» አሉና ማርሽ አስገቡ።

በዚያ ሳምንት አውቶቡሱ ባዶውን ሲመላለስ ሰነበተ። አቶ ኦላና በመኪናቸው ሲያልፉ መስኮታቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አቶ ሞሲሳ፣ ዛሬስ አየሩን በደህና አደረሱት?» ይሏቸው ነበር።

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ አልተጨናነቀም» ይመልሳሉ።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያልቀረችው ሄሊና የምትባል ወጣት እናት ብቻ ነበረች። ቦሌ ውስጥ በአንድ ሆቴል የመኝታ ክፍሎች ታጸዳለች። ሥራዋ የሚጀምረው አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሲሆን፣ በማርፈድ ሁለት ጊዜ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሷታል። ሦስተኛው ስንብት ነው። ናኦሚ የምትባል የአራት ዓመት ልጇን ብቻዋን ስለምታሳድግ ያ ሥራ ከእጇ ቢወጣ ሌላ መተዳደሪያ አልነበራትም። ይህን ሁሉ ለአቶ ሞሲሳ የነገረቻቸው በሁለተኛው ቀን ነው።

«ጋሽ ሞሲሳ፣ ይሄ አውቶቡስ ከቀረ እኔም ቀረሁ» አለቻቸው።

«እሱ እንዳይቀር አንቺ ሰዓትሽን ያዥ» አሏት።

ከሾፌሩ ጀርባ ተቀምጣ የቸርቿን መዝሙር በለሆሳስ ትዘምራለች፤ እሳቸው ደግሞ በቤተ ክርስቲያኑ በር ሲያልፉ መሪውን በአንድ እጅ ይዘው ያማትባሉ። ሁለቱም አንዳቸው ሌላውን ሲያስተጓጉሉ አላየሁም።

አንድ ቀን ጣቢያው ደርሰን ሰው ከወረደ በኋላ፣ ለምን ትንሽ እንደማይታገሡ ጠየቅኋቸው። ሰው እየለመደ እስኪመጣ ሁለት ደቂቃ ቢጠብቁ ማን ይጎዳል?

መስተዋቱን ማበስ ጀመሩ። «እዚህ የምጠብቀውን ሰው እርስዎ ያዩታል» አሉኝ። «እዚያ፣ በሚቀጥለው ፌርማታ፣ ቆሞ ሰዓቱን የሚያየውን ሰው ግን አያዩትም። እኔ ሃያ ሰባት ዓመት ያንን ሰው ነው ያየሁት።»

በሦስተኛው ሳምንት የተሳፋሪው ቁጥር ከፍ አለ፤ ሆኖም በመዝገቤ ላይ ያለው አኃዝ አቶ ኦላናን አፍ የሚያስይዝ አልነበረም። የድምፅ መስጫው እሑድ ተቃረበ። በመጨረሻው ሳምንት ሐሙስ ማለዳ ያየሁትን ግን በዕድሜዬ ካየኋቸው ነገሮች ሁሉ ለይቼ አስቀምጬዋለሁ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ከአምስት ሊሆን ሰኮንዶች ሲቀሩ የሄሊና ወንበር ባዶ ነበር። ልጇ ናኦሚ ሌሊት ትኩሳት ይዟት ስታስመልስ አድራ፣ ሄሊና ጎረቤቷ ቲጂ መጥታ እስክትረከባት ስትጠብቅ እንደዘገየች የሰማነው በኋላ ነው። ድንገት ከብሎኩ ጥግ ብቅ አለች። ጫማዋን በእጇ ይዛ ትሮጣለች። ወደ መቶ ሜትር ይቀራታል።

«አቶ ሞሲሳ፣ ሄሊና ናት!» አልሁ።

«አየኋት» አሉ። ማርሽ አስገቡና ተነሡ።

አውቶቡሱ በጩኸት ተሞላ። «ኧረ ጋሼ፣ ግማሽ ደቂቃ!» «ልጅቷን ከሥራ ሊያስባርሩ ነው እንዴ!» አንዲት ሴት፣ «ምን ዓይነት ጨካኝ ሽማግሌ ነው» ብላ በግልጽ ተናገረች። አቶ ሞሲሳ አንገታቸውን አላዞሩም። ከጎን ሳያቸው ግን ፊታቸው አመድ መስሏል። ከአንድ ወር በፊት የተናገሩትን ቃል በዚያች ልጅ ላይ መፈጸም ምን ያህል እንደከበዳቸው ከዚያ ፊት በላይ የሚመሰክር የለም። እኔም ተናድጄ መዝገቤን ዘጋሁ። እሑድ በተቃውሞ ድምፅ እንደምሰጥ በልቤ ቆረጥሁ።

ዋናው መንገድ ከመጀመሪያው ፌርማታ ተነሥቶ ገበያውንና ትምህርት ቤቱን እየዞረ ቁልቁል ይወርዳል። አውቶቡሱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ፌርማታ ሰው እየጫነ አራተኛው ላይ የሚደርሰው በስምንት ደቂቃ ነው። ከዚያም ደቂቃው እስኪሞላ ይቆማል፤ የሚነሣው አሥራ ሁለት ሰዓት ከአሥራ አራት ነው። በብሎኮቹ መካከል ግን ድሮ ከብት ወደ ወንዙ ይወርድበት የነበረ፣ ድንጋይ የበዛበት፣ በቀጥታ ወደ አራተኛው ፌርማታ የሚያወርድ ቀጭን የእግር መንገድ አለ። በክረምት ጭቃው ስለሚያሰምጥ ብዙ ሰው አይደፍረውም።

አራተኛው ፌርማታ ደረስን። አቶ ሞሲሳ ሰዓታቸውን አዩና ሞተሩ እየሠራ ቆሙ። አሥራ ሁለት ሰዓት ከአሥራ ሦስት ነበር።

ከዚያም ከሁለት ብሎኮች መካከል፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ለብሳ፣ ጫማዋን በደረቷ አቅፋ፣ ሄሊና ወጣች። አስፋልቱን ተሻግራ፣ ደረጃውን ረግጣ ገባች። ትንፋሿ ተቆራርጧል።

«አሥራ አራት» አለች፣ በጣቷ ወደ ሰዓታቸው እያሳየች።

«ሃያ ሰኮንድ ይቀራል» አሉ አቶ ሞሲሳ። «ቁጭ በይና ጫማሽን አድርጊ።»

ሃያው ሰኮንድ አለቀ፤ ተነሣን። ጨካኝ ያለቻቸው ሴት መሐረብ አውጥታ የሄሊናን እግር ታብስ ጀመር። ሄሊና መጀመሪያ ስታለቅስ ቆየችና ኋላ ሳቀች። እኔም መዝገቤን መልሼ ከፈትሁና አንድ ሰው ጨመርሁ። በሕይወቴ ብዙ ታላላቅ የሚባሉ ሰዎች ንግግር ሲያደርጉ አዳምጫለሁ፤ እንደዚያች ሃያ ሰኮንድ ግን የነካኝ የለም። አንድ ሰው ቃሉን ሳያዛንፍ ስለጠበቀ ሌላው ሰው በዚያ ቃል ላይ እግሩን ተክሎ ቁልቁለቱን ወርዷል። ሄሊና በሰዓቷ ሥራዋ ደረሰች።

እሑድ ጉባኤው የተጠራው ለሦስት ሰዓት ነበር፤ የተጀመረው አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። አቶ ኦላና መዝገቤን ከእጄ ተቀብለው የባዶ ወንበሮቹን ቁጥር አንድ በአንድ አነበቡ። ክርክራቸውን ሲደመድሙም፣ «ከሁሉ የከፋው ደግሞ አባላችንን መንገድ ላይ ጥሎ የሚሄድ አውቶቡስ መሆኑ ነው። ሐሙስ ዕለት ያልሰማ አለ?» አሉ።

ያኔ ሄሊና እጇን አወጣች። በጉባኤ ፊት ተናግራ አታውቅም ነበርና ድምፅዋ መጀመሪያ ላይ አልሰማ አለ።

«የተጣልኩት እኔ ነኝ» አለች። «ጋሽ ሞሲሳ ሰው የሚጠብቁ ቢሆን ኖሮ ሐሙስ ዕለት ባልሮጥኩ ነበር። የቱ ጋር በስንት ሰዓት እንደሚሆኑ ስለማውቅ ነው በዚያ ጭቃ የወረድኩት። በሚኒባስ ቢሆን ወዴት እሮጣለሁ? የሚጠብቅ መኪናማ ዕድሜዬን ሙሉ እኔ ነኝ ስጠብቀው የኖርኩት።»

«አቶ ኦላና» ስትል ቀጠለች፣ «መንግሥት ያምጣልን ያሉት እውነት ነው፤ አብረን እንጠይቅ። ግን እስኪያመጣ ድረስ የኔ ሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይጀምራል።»

ወይዘሮ ሙሉአለም አጋጣሚውን ሳያሳልፉ፣ «እድሩ አውቶቡሱን በቋሚነት ይደግፍ የምትሉ እጃችሁን አውጡ» አሉ። በዚያው ቅጽበት ከኋላ ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ። አቶ ሞሲሳ ተነሥተው ኮታቸውን እየቆለፉ ነው።

«አቶ ሞሲሳ! ወዴት ነው? በእርስዎ ጉዳይ ላይ እኮ ነው ድምፅ የሚሰጠው!»

«ጉዳዩ የአውቶቡሱ ነው እመቤቴ» አሉ። «አውቶቡሱ ደግሞ እሑድ እሑድ አምስት ሰዓት ላይ ይነሣል። አሥር ጉዳይ ነው።» ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ።

አንድ አፍታ ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ ወደ አያት የሚሄዱት፣ አንዳንዶቹ አንድ እጃቸውን ወደ ላይ እንደያዙ፣ በሌላው ቦርሳቸውን እያነሡ ወደ በሩ መጉረፍ ጀመሩ።

«ቆጥሬ ሳልጨርስ እንዳትወጡ!» ጮኹ ወይዘሮ ሙሉአለም።

«ይሄዳል እኮ! እኔን አንድ በሉኝ!» አለ ያ በመጀመሪያው ቀን የጥርስ ብሩሽ በአፉ ይዞ የጮኸው ጎረምሳ፣ እጁን እንዳወጣ እየሮጠ።

በሩ ላይ ቆሜ የሚወጡትን እጆች ጭምር ቆጠርሁ። ከጉባኤተኛው ከሁለት ሦስተኛ በላይ ሆነ። አቶ ኦላና በሕጉ መሠረት ተቃውሟቸው በቃለ ጉባኤው እንዲሰፍር ጠየቁና አሰፈርሁላቸው፤ ፊርማቸውን ሲያኖሩም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያቺ ልጅ ግን ደህና ተናገረች» አሉ።

ሰኞ ማለዳ ውሳኔውን በማኅተም አስደግፌ ይዤ ወጣሁ። ወደ ፌርማታው ስጠጋ ያየሁት ነገር አስቆመኝ። በረንዳዎቹ ላይ አንድም ሰው የለም። ሰልፉ በፋርማሲው ፊት ተዘርግቶ፣ ሰው ሁሉ ስልኩን ወይም የእጁን ሰዓት እያየ ቆሟል። አውቶቡሱ ገና ግማሹ ባዶ ነበር፤ ግን ማንም በዚያ አልተታለለም። ወረቀቱን በመስኮት በኩል ለአቶ ሞሲሳ አቀበልኋቸውና፣ «ጸድቋል» አልኋቸው።

ሳያነቡት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

«ይግቡ እንጂ ጌታዬ» አሉኝ። «ሁለት ደቂቃ ነው የቀረው።»