ፈረሰኛውን ማን በላው?

ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ የወንጀል ልቦለድ አለኝ። ገጾቹ ላይ የወጥ ጣት አሻራ አለ፤ በገለጥኩት ቁጥር ዛሬም ቁሌት ቁሌት የሚሸተኝ ይመስለኛል። ልጅ እያለሁ አምቦ ቤታችን ውስጥ ታነብልኝ የነበረችው የአባቴ ታናሽ እህት ብርቄ ናት።

ብርቄ ከጊንጪ መጥታ እኛ ዘንድ ወጥ እየሠራች ባል የሚጠበቅላት ልጅ ነበረች። እሷ የምትፈልገው ግን መርማሪ ፖሊስ መሆን ነበር። አባቴ ይስቅባትና «ወንድ በችሎት፣ ሴት በማጀት» ይላታል። ማጀት ገብታ ከጤፍ ጆንያው ኋላ የደበቀችውን መጽሐፍ ታወጣለች። እኔ ሽንኩርቱን አማስላለሁ፣ እሷ ታነባለች፤ ገዳዩን ቀድሜ ካወቅኩ ከድስቱ አንድ እንቁላል ሹልክ ታደርግልኛለች። ወንድሞቼ ኳስ ሜዳ ነው የሚውሉት፤ እኔ የነበረችኝ እሷ ብቻ ናት።

አንድ እሑድ ከእጃጂ ሽማግሌዎች መጡ። ሚስቱ የሞተችበት እህል ነጋዴ ብርቄን አስጠይቆ ነበር። እሷን የጠየቃት የለም፤ እንደማትፈልገው የነገረችው ለእኔ ብቻ ነው። እናቴ ሙያዋ እንዲታይ ብላ ዶሮዋን አሥራ ሁለት ብልት አስወጣቻት።

ምሳ ላይ እናቴ ለትልቁ ሽማግሌ ለኦቦ ደበላ ፈረሰኛውን ልታወጣ ጭልፋዋን ሰደደች። አማሰለች። ደግማ አማሰለች። ለክብር እንግዳ የሚወጣው ብልት የለም። ኦቦ ደበላ ጺማቸውን እየዳበሱ፣ «ስትታረድ ሙሉ ነበረች ወይ?» አሉ። የሳቀ ሰው አልነበረም።

ድስቱ ሁሉ ተከፈተ፣ ጓዳው ተበረበረ፣ ድመቷ ተረገመች። እኔ ግን መርማሪ አይደለሁ? ቀጥ ብዬ ወደ ጆንያው ሄድኩ። መጽሐፉ ላይ ያልደረቀ የወጥ አሻራ አለ፤ ያቆመችበት ገጽ ላይ ደግሞ ሙልጭ ተደርጎ የተጋጠ አጥንት ገብቷል። ቀና ስል ብርቄ ከበላዬ ቆማለች።

«ለሰው ስበልት ነው ያደግሁት» አለችኝ ቀስ ብላ። «ጣዕሙን እንኳ ሳላውቀው ልዳር?»

ወጥቼ «ድመቷ ናት» አልኩ። ያመነኝ የለም። ሽማግሌዎቹ እንደ ሄዱ በዚያው ቀሩ፤ «የሽማግሌ ፈረሰኛ የበላች» የሚለው ወሬ ግን ጊንጪ ድረስ ቀደማት። አባቴ አፍሮ ወደ አያቴ መለሳት። አውቶቡስ ስትሳፈር መጽሐፉን እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። መጨረሻውን ማጀት ውስጥ ለብቻዬ አነበብኩት። ገዳዩን በትክክል አውቄው ነበር፤ እንቁላሉን የሚሰጠኝ ግን አልነበረም፤ አለቀስኩ።

በኋላ ቤሩት ሄዳ የሰው ማጀት ገባች አሉ። መጀመሪያ ትደውል ነበር፤ ከዚያ ድምጿ ጠፋ።

ዛሬ የራሴ ቤት አለኝ። በዓል ሲመጣ ዶሮ ሠርቼ ፈረሰኛውን ለራሴ አወጣለሁ፤ ከልካይ የለኝም፣ አብሮኝ የሚበላም የለም። ያኔ አንድ ብልት ጎደለ ተብሎ ቤት ምድሩ ተፈትሿል። ብርቄ ራሷ ስትጠፋ ግን የፈለጋት የለም።