ማንጎው ሥር የነበረው ቡድን

ስሙን አልጽፍም። አሶሳ ትንሽ ከተማ ናት፣ እሱም ራሱን ያውቃል። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ አብረን ስናስተምር አንድ ለአምስት የሚባለውን የቡድን ጥናት ከሁላችን በላይ ያቀነቅን የነበረው እሱ ነው። አንድ ጎበዝ ተማሪ አምስቱን ይዞ ያስጠናል፣ መምህሩ ይከታተላል። ማን ምን እንደሚያወራ ማዳመጫ ያደረጉትም ነበሩ፤ አልክድም። እኔ የፈለግኩት ግን ለትምህርቱ ነበር።

ስመድባቸው ሆን ብዬ እቀላቅላቸዋለሁ። ከሁሉም የምወደው ቡድን ቢሮዬ መስኮት ፊት ለፊት፣ ማንጎው ሥር ይቀመጥ ነበር። መሪው ቀልደኛ የጎጃም ልጅ ነው። ከባምባሲና ከወላይታ የመጡም አሉበት። አንዷ የሱዳን ድንበር አጠገብ ያለችው የኩርሙክ ልጅ ናት፤ በስታቲስቲክስ የሚደርስባት የለም፣ አማርኛ ግን ያስቸግራታል። ጥያቄውን መሪው በቀላል ቃል ይነግራታል፣ እሷ ደግሞ ስሌቱን ለሁሉም ታስረዳለች። እኔን እንደ አገሯ ወግ "ኡስታዛ" ትለኛለች፤ መምህሬ ማለቷ ነው።

"ኡስታዛ፣ ዛሬ አንተ ደክሞሃል?" አለችኝ አንድ ቀን።

"ኧረ ሴትዮዋን ወንድ አደረግሻት!" ብሎ መሪው ሣሩ ላይ ተንከባለለ።

"ዝም በል! አንተ ትናንት ባምያ ንፍጥ ነው ብሎ፣ ከዚያ ሳህን ሙሉ በላ!"

ሳቃቸው እስከ ዲኑ ቢሮ ይሰማ ነበር።

ለውጡ ሲመጣ ተማሪው ጨፈረ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ከየአካባቢው የሚሰማው ወሬ እየከፋ ሲሄድ ግን ወላጆች በስልክ "ከራስህ ሰው አትለይ" ማለት ጀመሩ። የተማሪዎች ካፌ በቋንቋ ተከፋፍሎ መብላት ያዘ። ያ ሰውም በትምህርት ክፍሉ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ፣ አንድ ለአምስት የአፈና መሣሪያ ነውና ይፍረስ፣ ተማሪው ከፈለገው ጋር ያጥና አለ። የቡድኖችሽ ሪፖርት ዘገየ ብሎ ሲገስጸኝ የኖረው እሱ! ቡድኖቹ በሳምንቱ ፈረሱ።

የኩርሙኳ ልጅ ቢሮዬ መጣች። ከእሷ አካባቢ የመጣ ሌላ ተማሪ ክፍሏ ውስጥ አልነበረም።

"ኡስታዛ፣ ሁሉ ሰው ቡድን አለው። እኔ የለም። ወደ ቤት ልሂድ?"

"የትም አትሄጂም። ስብሰባ ላይ እናገራለሁ።"

ተናገርኩ። ቢያንስ ሴሚስተሩ እስኪያልቅ የቀድሞው ምደባ ይመለስ አልኩ።

"እማማ ያለፈው ሥርዓት ናፋቂ ሆኑብን እኮ!" አለ ያ ሰው እየሳቀ።

እማማ የሚለኝ እኩያዬ ነው። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ከእኔ ጋር እጁን ያወጣ ሰው አልነበረም፤ ሻይ ላይ ሲያገኙኝ "ልክ ነሽ" የሚሉኝ ሁሉ ጠረጴዛ ጠረጴዛውን ያዩ ነበር። ናፋቂስ ነኝ። የምናፍቀው ግን እሱ ያጨበጨበለትን ሥርዓት ሳይሆን ከሰዓት በኋላ ማንጎው ሥር ሲጨቃጨቁ መስኮቴን ከፍቼ "ቀስ በሉ!" የምላቸውን ልጆች ነው።

ልጅቷ ለእረፍት እንደወጣች ቀረች። መንገዱም ያኔ የሚያስተማምን አልነበረም፤ የቀረችው በመንገዱ ይሁን በእኛ የነገረኝ የለም።

በምርቃቱ ቀን የጎጃሙ ልጅ ጋዎኑን ለብሶ መጣ።

"መምህር፣ ከእሷ ወሬ የለም?"

"እኔን ነው የምትጠይቀው?"

"ሁሉም ወደየራሱ ሲሄድ እኔ ብቻዬን ምን ላድርግ?"

"አጠገቧ መቀመጥ።"

ፎቶ እንነሳ ሊለኝ ነበር የመጣው። ሳይለኝ ሄደ።

ያ ሰው ዛሬ ትልቅ ወንበር ላይ ነው። እኔ ጡረታዬ እስኪደርስ ማስተማሬን ቀጥያለሁ። ከኩርሙክ የመጣ ተማሪ ባገኘሁ ቁጥር ስለ እሷ እጠይቃለሁ። ባለፈው ዓመት አንዱ አወቃት።

"ገበያ ላይ ልብስ ይሸጣል። ልጅም አለው" አለኝ በእሷው አማርኛ።

አቋርጠው የወጡ እንዴት እንደሚመለሱ፣ የማታውንም የክረምቱንም ትምህርት አስረድቼ፣ ስልኬን ሰጥቼ ላክሁት። ሰጠኋት አለኝ። እስካሁን አልደወለችም።