እንፋሎት የሌለው ማሽን

ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃችን ማይስተር ኩርት የላሜራ መቀስ ሰጠኝና "ይህን ታውቀዋለህ?" አለኝ። "አብረን ነው ያደግነው" አልኩት። ውሸቴን ነው፤ መቀሱን ያኔ ገና ማየቴ ነበር። ከሰዓት በኋላ ግን የቆረጥኩት ቀዳዳ እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ ወጣ። ኩርት አየውና ምንም አላለም። ኩርት ምንም ካላለ አጨብጭቧል ማለት ነው።

ከትምህርት ጋር ስድስተኛ ክፍል ላይ ተለያይተናል። እጄ ግን ፕሮፌሰር ነው።

ፍራንክፈርት አብዛኛው ቤት የሚሞቀው በራዲያተር ነው። አንዳንዱ ቤት ግን ኬለሩ፣ ማለት ምድር ቤቱ ውስጥ ምድጃ አለ፤ የሞቀውን አየር በላሜራ ቱቦ ወደየክፍሉ ይነፋል። ክረምት ላይ ያ አየር ደረቅ ነው፣ ከንፈር ይሰነጥቃል። ስለዚህ ቱቦው ላይ እርጥበት የሚሰጥ ማሽን እንገጥማለን።

የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሲል ኩርት ሮደልሃይም ሰፈር አንድ ቤት ላከኝ። "ብቻህን ትገጥማለህ። ካማረ ትቀጥላለህ፤ ካላማረ ቹስ፣ ደህና ሁን።"

የቤቱ ጌታ ጋሽ ተስፋይ ናቸው፤ ከፋብሪካ ጡረታ የወጡ ኤርትራዊ። አማርኛቸው ከኔ ይበልጣል። ባለቤታቸውን በየጠዋቱ ይነስራቸዋል።

ወደ ምድጃው የሚመለሰውን የአየር ቱቦ ለካሁ፣ ቆረጥኩ፣ ማሽኑን በውሃ ልክ አስተካክዬ በብሎን አሰርኩ። ከሞቃቱ ቱቦ ቅርንጫፍ አመጣሁለት። ቀጭን የውሃ መስመር ሳብኩ፣ የትርፉን ውሃ ጎማ ቁልቁል ወደ ፍሳሹ ለቀቅኩ። ውጭው በረዶ ስለነበር፣ መስኮቱን እንዳያልበው የእርጥበት መቆጣጠሪያውን ዝቅ አድርጌ ሠላሳ አምስት በመቶ ላይ አደረግኩት። ሥራው ከማማሩ የተነሳ ሰርግ ቢጠሩት ይሄዳል።

ጋሽ ተስፋይ ዞር ዞር ብለው አዩት።

"እንፋሎቱ የታለ?"

"አይታይም ጋሼ። ውሃው ወንፊቱ ላይ ይንጠባጠባል፣ አየሩ ሲያልፍ ይዞት ይሄዳል።"

"ወደይ፣ ልጄ፣ ስንት ማሽን አይቻለሁ። የሚሠራ ማሽን ወይ ይጮሃል፣ ወይ ይጨሳል።"

"ይሄ ጨዋ ነው ጋሼ" ብዬ ወጣሁ።

በሦስተኛው ቀን ባለቤታቸው ኩርት ጋ ደወሉ። መስኮቱ ሁሉ ውሃ ያፈሳል፣ ግድግዳው ሊሻግት ነው። ኩርት መኪናው ውስጥ እስከ ሮደልሃይም አንድ ቃል አልተናገረም። ይሄኛው ዝምታ ጭብጨባ አልነበረም።

እሱ ወደ ኬለር ወረደ፣ እኔ ወደ ላይ ወጣሁ። አየር መውጫው ሁሉ ላይ እርጥብ ፎጣ ተዘርግቷል። ወጥ ቤት ትልቅ ድስት ውሃ ይንተከተካል።

"ጋሼ! ምንድነው ይሄ?"

"ማሽንህን እያገዝኩት ነዋ! ብቻውን አሳዘነኝ።"

ጋሽ ተስፋይ የኩርትን እግር ደረጃው ላይ ሲሰሙ የድስቱን እሳት አጥፍተው ፎጣውን ሰብስበው መታጠቢያ ቤት ወረወሩ።

"ምን አጥፍተህ ነው?" አለኝ ኩርት።

ጋሽ ተስፋይ መሬት መሬት ያያሉ። ባለቤታቸው አጠገባቸው ቆመዋል። አባቴን የሚያህል ሰው በሚስቱ ፊት "እሳቸው ናቸው" ብዬ እጄን ልቀስር? አልቻልኩም።

"መቆጣጠሪያውን አብዝቼው ነው" አልኩ።

"አሁን አየሁት። ሠላሳ አምስት ላይ ነው።"

"እንግዲህ እኔ እንጃ" አልኩ።

"ካላወቅክማ..." ሲል ጋሽ ተስፋይ መታጠቢያ ቤት ገብተው ፎጣውን ታቅፈው ወጡና ኩርት እግር ስር ጣሉት። በፋብሪካ ጀርመንኛ፣ በዚያ የማሽን ድምፅ ለማሸነፍ በሚጮኹበት፣ "ልጁ ይዋሻል! እኔ ነኝ! እንፋሎት አጥቼ ነው!" አሉ።

ባለቤታቸው "ለዚህ ነው ለካ ፎጣ ያጣሁት!" ብለው ጮሁ።

ኩርት ፎጣውን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ እስኪያስለው ሳቀ። አመሻሹ ላይ መስኮቱ ደረቀ። "ሰኞ ጠዋት መኪናው ጋ ጠብቀኝ" አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ማሽን ስገጥም ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ሳሎን ውስጥ፣ የቤቱ ጌታ ከሚቀመጥበት ፊት ለፊት ሳልሰቅል አልወጣም። እናንተም ስቀሉ።