የአባዬን ጢም የላጨሁ ቅዳሜ

እኩዮቼ ሹሩባ መሥራት በሚማሩበት ዕድሜ እኔ የተማርኩት ጢም መላጨት ነው። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ጁባ፣ ሀይ ጀላባ በሚባል ሰፈር፣ አባቴ ከከፈተው ምግብ ቤት ጀርባ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነበር። እናቴ ታናሽ ወንድሜን ልትወልድ አዲስ አበባ ስለሄደች እኔና አባዬ ብቻችንን ነበርን።

አባዬ ጢሙን ሳይላጭ ደንበኛ ፊት አይቀርብም። የቆርቆሮ ጣሪያችን ገና ሳይግል ጓሮ ይወጣና መስታወቱን ማንጎው ግንድ ላይ ይሰቅላል፤ ብሩሹን ለብ ባለ ውሃ ነክሮ ክቡ ሳሙና ላይ ያሽከረክረዋል። ሎሚ ሎሚ የሚሸተው አረፋ ፊቱን ሲሸፍነው እኔ የዩኒፎርሜን ቁልፍ እየቆለፍኩ አየዋለሁ። አንዳንዴ በብሩሹ አፍንጫዬን ነካ ያደርገኛል፤ ካቶር ሰፈር ያለው ትምህርት ቤቴ እስክደርስ ያ ሽታ አይለቀኝም። “ፊቱን ያልጠበቀ ቤቱን አይጠብቅም” ይል ነበር።

ከመንገዱ ማዶ ቾል የሚባል ጸጉር አስተካካይ ነበር። ጋምቤላ ስደተኛ ካምፕ ያደገ፣ ሙያውን መርካቶ የተማረ፣ ሰላም ሲሆን ወደ አገሩ የተመለሰ፣ ቁመቱ የኪዮስኩን ጣሪያ የሚነካ ደቡብ ሱዳናዊ ነው። አማርኛው ከእኔ አማርኛ ይልቅ የአራዳ ነበር። ከአባዬ ጋር በጣም ከመዋደዳቸው የተነሳ ምሳቸውን ከአንድ ትሪ ነበር የሚበሉት። አንድ ቀን ቾል አዲስ በገዛት ሞተር አባዬን ጀበል ገበያ ሊያደርሰው ሲሄድ ጉድጓድ ውስጥ ገብተው ወደቁ። ቾል ምንም አልሆነም። የአባዬ ቀኝ እጅ ግን ተሰብሮ በጀሶ ታሸገ።

አባዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቾልን አኮረፈው። ቾል ጠዋት ጠዋት በራችን ላይ ቆሞ “ጋሽ ተስፋዬ፣ ጢምዎን እንኳ ልላጭልዎት” ይላል። አባዬ ከውስጥ ሆኖ “እጄን መስበሩ አልበቃ ብሎት አንገቴን ልስጠው?” ይላል። ሌላ ጸጉር ቤትም አልሄድ አለ፤ ለማያውቀው ሰው ጉሮሮውን አይሰጥም። ጢሙ አደገ። ጥቁር ይመስለን የነበረው ጢም ግማሹ ሽበት ሆኖ ብቅ አለ፤ አንዳንድ ደንበኞችም እየሳቁ “አባ፣ ይባርኩን” ይሉት ጀመር።

ለእኔ ግን ነገሩ ቀልድ አልነበረም። እናቴ ስትሄድ “ክፉ ነገር የሰማሁ ዕለት ጓዛችንን ጠቅልለን አገራችን እንገባለን” ብላ ነበር። አባዬ ስለ እጁ በስልክ አልነገራትም። ቅዳሜ ሕፃኑን ይዛ ልትመጣ ነው። የተሰበረ እጅ ከዚያ ጎስቋላ ፊት ጋር ካየች በሚቀጥለው አውሮፕላን እንደምታሳፍረን እርግጠኛ ነበርኩ። እኔ ደግሞ ጁባን ወድጃታለሁ፤ የገመድ ዝላይ ጓደኞቼን ትቼ የትም መሄድ አልፈልግም።

ስለዚህ ሰኞ ከትምህርት ቤት መልስ የአባዬን ብሩሽ፣ ሳሙናና መላጫ በደብተር ቦርሳዬ ደብቄ ቾል ዘንድ ሄድኩ።

“ጋሽ ቾል፣ ጢም መላጨት አስተምረኝ።”

“ማንን ልትላጪ?”

“አባዬን።”

መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ፊቱ ኮስተር አለ። “ጋሼ ከሰማ ደህናውን እጁን ደግሞ እኔ ላይ ይሰብረዋል” አለኝ። ቢሆንም ወንበር ሳበልኝ።

ሁለት ቀን ሙሉ ምላጩን አውጥቶ በባዶ መላጫ አሠራኝ። ብሩሹን ነክሬ እንዳራግፍ፣ አረፋው ክሬም እስኪመስል እንዳሽከረክር፣ ቆዳውን በአንድ እጄ ወጥሬ በጸጉሩ አበቃቀል እንድወርድ አሳየኝ። በሦስተኛው ቀን ምላጩን አስገባና አንድ ጥሬ ማንጎ ሰጠኝ። አረፋ ቀብቼ ልላጨው ነው። “ማንጎው ካለቀሰ አባትሽም ያለቅሳል” አለ። ልጣጩ ሲጫር ነጭ ፈሳሽ ያወጣልና። ስድስት ማንጎ አስለቀስኩ። ቾል አጠገቤ ተቀምጦ “ሽዋያ ሽዋያ፣ ቅቤ እንደምትቀቢ” ይለኛል፤ ሽዋያ ሽዋያ በጁባ አረብኛ ቀስ በይ ማለት ነው። ሰባተኛው ማንጎ ሳያለቅስ ወጣ።

ዓርብ ለመጨረሻው ፈተና የራሱን አገጭ ሰጠኝ። ያ ሁሉ ቁመት ያለው ሰው ጢሙ አራት ጸጉር ብቻ ነበር። አራቱንም በጥንቃቄ አነሳኋቸው። በመሀል፣ በየቀኑ እንደሚያደርገው፣ “እጁን አሁንም ያመዋል?” ሲል ጠየቀኝ። አንዳንዴ እንደሚያመው ነገርኩት። ሞተሯስ የት ሄደች ስለው “ሸጥኳት፤ ሳያት ያስጠላኛል” አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት አባዬ፣ ማታ ወደ ቦታው በመለስኩት መላጫ፣ በግራ እጁ ሊላጭ ሲታገል ደረስኩ። አረፋው ጆሮው ውስጥ ገብቷል፤ ጉንጩ ደምቷል። “ስጠኝ” አልኩት። በመስታወቱ ውስጥ አየኝና፣ ምን ያህል ተስፋ ቆርጦ እንደነበር እንጃ፣ መላጫውን ሰጠኝ። ፊቱን አጥቤ እንደገና አረፋ ቀባሁት። አንዱ ጉንጭ አለቀ፣ ሌላውም አለቀ። አንገቱ ጋ ስደርስ ሳላስበው “ሽዋያ ሽዋያ፣ ቅቤ እንደምትቀቢ” አልኩ።

አባዬ ደርቆ ቀረ። “ይህን ማን አስተማረሽ?”

“አትናገር፣ ትቆረጣለህ” አልኩና አገጩን ቀና አደረግኩት። ጉሮሮው በእጄ እስካለ ድረስ መናገር እንደማይችል ያን ጊዜ ገባኝ። ስለዚህ ሁሉንም ነገርኩት፤ ስለ ማንጎዎቹ፣ ስለ ሞተሯ መሸጥ፣ ቾል በየቀኑ ስለ እጁ እንደሚጠይቀኝ።

ስጨርስ ፊቱን በመስታወት ብዙ አየው። “ሂጂ ጥሪው” አለኝ።

ቾል ገብቶ እንደ ጥፋተኛ ተማሪ ቆመ። አባዬ አንገቱን ቀና አድርጎ ሰጠው። “ልጅቷ ከጆሮዬ ሥር አስቀርታለች። ጨርስልኝ።”

“ጋሼ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው።”

“እንግዲያው መጀመሪያ ቁርስ ብላ” አለው አባዬ።

አውሮፕላን ማረፊያ ሦስታችንም ሄድን። እናቴ መጀመሪያ ያየችው ፊቱን ነው፤ “አምሮብሃል” ብላ ፈገግ አለች። ቀጥሎ ጀሶውን አየች። ቾል ከኋላችን ሊደበቅ ሞከረ፣ ግን እንዲያ ያለ ቁመት የት ይደበቃል? አፉን ሊከፍት ሲል አባዬ ቀደመው። “ብቻዬን ስሄድ አዳልጦኝ ነው” አላት። በመንገዱ ሁሉ ስትቆጣው ዋለች፤ አባዬ በአንድ እጁ ማቀፍ ስላልቻለ ሕፃኑን ቤታችን ድረስ የታቀፈው ቾል ነበር። አገር እንግባ የሚል ነገር ግን አልተነሳም።

ከጁባ የወጣነው ከዓመታት በኋላ እዚያ ጦርነት ሲነሳ ነው። ዛሬ እኛ አዲስ አበባ ነን፤ ቾል እዚያው ቀረ። ያኔ ሁለቱ ሲኳረፉ በመካከላቸው የነበረው አንድ አቧራማ መንገድ ስለነበር እኔ ልጅቷ ተሻግሬ ላስታርቃቸው ቻልኩ። አሁን ምንም ኩርፊያ የለም፤ ግን ከተያዩ አሥር ዓመት አልፏቸዋል። በበዓል በበዓል ቾል ይደውላል። አባዬ እየጮኸ “መቼ ነው የምትመጣው?” ይለዋል። “እናንተ ኑ እንጂ፣ ጋሼ!” ይላል ቾል። ሁለቱም “እሺ፣ እሺ” ይባባላሉ። ስልኩ ሲዘጋ አባዬ ጉንጩን በመዳፉ ይዳብሳል።