ለአራሷ የተቀመጠ ውሃ

ይህ ከገጠመኝ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። በቧንቧ ሥራ ብዙ ዘመን ቆይቻለሁ፤ የዚያን ቀን ነገር ግን ዛሬም ከልቤ አልወጣም።

ነፋስ ስልክ አካባቢ በአንድ የሳሙና ፋብሪካ ውስጥ አዲስ የእንፋሎት መስመር ዘርግተን ጨርሰናል። ቧንቧው የግቢውን አጥር ታክኮ ነው የሚያልፈው። የቀረን በውሃ ሞልተን፣ ግፊት ሰጥተን ብየዳው መቻል አለመቻሉን መፈተሽ ብቻ ነበር። ችግሩ፣ ሰፈሩ ውሃ ከጠፋበት ሰንብቷል። የፋብሪካውም ማጠራቀሚያ ደርቋል።

የሥራ ባልደረባዬ መስፍን ቸኩሏል። ፋብሪካው በማግስቱ ሥራ ሊጀምር ስለሆነ ስልክ በላይ በላዩ ይደወልለታል።

"በቃ በኮምፕሬሰር አየር እንሙላውና እንገላገል" አለኝ።

"መስፍኔ፣ ውሃ ቢሆን ቧንቧው ሲቀደድ ትንሽ ረጭቶ ያበቃል። የታመቀ አየር ግን ይፈነዳል፤ ብረቱን ይዞት ነው የሚሄደው" አልኩት።

"ታዲያ ውሃ ከየት ላምጣልህ?"

እንዲህ ስንጨቃጨቅ ከቆርቆሮው አጥር በላይ ሻሽ ያሰሩ እናት ብቅ አሉ። አይቻቸው አላውቅም።

"ለውሃ ነው እንዴ የምትጣሉት? ሮቶዬ ሙሉ ነው። ጎማችሁን አቀብሉኝ።"

"እማማ፣ ውሃ በጠፋበት በዚህ ጊዜ?"

"ልጄ ወልዳ ለሷ ብዬ ያጠራቀምኩት ነው። የሚበቃትን በጀሪካን ይዣለሁ። ሌላውን አላህ ያመጣዋል።"

ዘይነባ ይባላሉ። ውሃቸው በጎማው ወርዶ ቧንቧችንን ሞላው። በእጅ ፓምፕ ግፊቱን ቀስ እያልን ጨመርን። ከሚፈለገው ሳይደርስ አጥሩ ጥግ ያለው መታጠፊያ ላይ "ጧ!" አለ። ብየዳው ተሰንጥቋል። ውሃው አጥሩን ተሻግሮ ተረጨና ወዲያው ዝም አለ።

"ኧረ የሕፃን ልብስ!" ሲሉ ሰማናቸው።

ይቅርታ ልንጠይቅ በበራቸው ዞረን ገባን። የተሰጣው ጨርቅ ሁሉ ውሃ ያንጠባጥባል፤ እሳቸው ይስቃሉ።

"ከመጣችሁ አይቀር አራሷን ጠይቁ" ብለው አስገቡን።

የጭቃ ቤታቸው ጀርባ ከፋብሪካው አጥር ጋር ተጣብቋል። ልጃቸው አልጋዋን ግድግዳው ሥር አድርጋ ሕፃኗን ታጠባለች። ራስጌዋ ካለበት ማዶ፣ አንድ ክንድ እንኳ ሳይርቅ፣ የተሰነጠቀው መታጠፊያ ነው።

መስፍን ግድግዳውን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። በርጩማ ስቦ ተቀመጠ።

"እማማ፣ እኔ በአየር ይሁን ብዬ ነበር" አለ፤ በአየር ቢሆን ምን ይደርስ እንደነበርም ሳይደብቅ ነገራቸው። ሲጨርስ እንባው ወረደ።

አራሷ ሕፃኗን ወደ ደረቷ ሳበቻት። እማማ ዘይነባ ወደ መስፍን ጠጋ አሉ።

"ታዲያ ምን ያስለቅስሃል? ይኸው ደህና ናት። አምላክህን አመስግን" አሉት። ሕፃኗን ከእናቷ ተቀብለው "እንካ፣ እቀፋት" ብለው ሰጡት። እጁን ግሪስ ነክቶት ስለነበር በክርኖቹ ነው የያዛት። አፏን ከፍታ ስታዛጋበት እያለቀሰ ሳቀ።

በማግስቱ ፋብሪካው በቦቴ ውሃ አስመጣ። መጀመሪያ የሳቸውን ሮቶ ሞላን፤ ከዚያ ብየዳውን አድሰን እንደገና በውሃ ፈተሽነው። ያዘ።

እሳቸው ውሃውን ሲሰጡን የልጃቸውን አራስ ቤት እየጠበቁ እንደሆነ አላወቁም። ሥራ ያቃታቸው ሰዎች አዩና አዘኑልን፤ በቃ። ዛሬ አንድ ቧንቧ ከመፈተሼ በፊት ዞሬ ከግድግዳው ማዶ ማን እንዳለ አያለሁ። ሰው ቤት አንኳኩቼ ስገባ "ምን ፈልገህ ነው?" ይሉኛል። "ከግድግዳችሁ ማዶ ቧንቧ ልፈትሽ ነው" እላቸዋለሁ፤ ውስጥ ማን እንዳለ አይቼ ስወጣ ደስ ይለኛል።