ግሪስ የተከለከለው ጎማ

ትናንት ሲግናል ሰፈር ታክሲ ስጠብቅ አንድ ጎረምሳ ሳይክሉን እየገፋ ከኋላዬ አለፈ። ጠ-ጠ-ጠ-ጠ። አየሽ፣ ፔዳሉ ሳይመታ የሚሽከረከር የኋላ ጎማ ያን ድምፅ ያሰማል። ሌላው ሰው መንገድ ለቀቀለት፤ እኔ ግን ዞሬ በዙሪያዬ ያሉትን የግቢ በሮች አየሁ፣ የተከፈተ ይኖር እንደሆነ። አብራኝ የነበረችው ጓደኛዬ «ማንን ነው የምትፈልጊው?» ስትለኝ ምን ልበላት? አበደች ትለኛለች። ላንቺ ግን ልንገርሽ።

የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቤታችን ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ቁልቁል ነው፤ ትምህርት ቤቴ ደግሞ ሽቅብ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ከሚጀምርበት። ጠዋት ሳይክሌን እየገፋሁ እወጣለሁ፤ ማታ ተቀምጬባት፣ ፔዳል ሳልነካ፣ ፍሬን ብቻ ይዤ እወርዳለሁ። ሴት ልጅ ሳይክል ስትነዳ ያየ ሁሉ «አይዞሽ እህቴ፣ ፍሬኑ እንዳይበጠስብሽ!» እያለ ያሾፍብኛል። እኔም አፌ አያርፍም ነበር፤ አልፌው ሄጄም ቢሆን መልሱን ጮክ ብዬ እሰጠዋለሁ።

ሳይክሏን የሚጠግናት አባቴ ነው። የመሥሪያ ቤት ሹፌር ነበር፤ እሑድ ከቸርች መልስ በረንዳው ላይ ገልብጦ ያቆማትና ይፈታታታል። መቀመጫዋን ቀየረ፣ ማርሽ ጨመረላት፣ ከፊት መብራት ሰቀለላት። በረንዳችን እስከ ሰኞ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። በዚህ ዓለም እንደ ደረቅ ብረት ድምፅ የሚጠላው ነገር አልነበረም። የጎረቤት በር ሲያንቋርር እንኳ ዘይት ይዞ የሚሄድ ሰው!

የኋላው ቸርኬ ሲጣመም መርካቶ ሄዶ ከአሮጌ ዕቃ ሻጮች ሌላ ጎማ ከነቸርኬው ገዝቶ መጣ። እናቴ በር ላይ አስቆመችው። «የማን እንደነበረ የማይታወቅ ዕቃ ሳይጸለይበት ቤቴ አይገባም» አለች። እሷ እንዲህ ናት፤ ሰልባጅ ሹራብም ብንገዛ ትጸልይበታለች። እጇን ጎማው ላይ ጭና ጀመረች፤ መሃል ላይ ግን እጇን አነሳች። «ቀዘቀዘኝ» አለች። አባቴ ሳቀባት። «ብረት ነው እኮ! እንዲያቃጥልሽ ፈልገሽ ነበር?»

ጎማው ድምፁ ያነክሳል። ከውስጡ አንዲት ጥርስ ተሰብራለች፤ ስለዚህ ጠ-ጠ-ጠ ይልና ቆም ብሎ፣ እንደገና ጠ-ጠ-ጠ ይላል።

መስከረም ነበር፤ ክረምቱ ግን አልወጣ ብሎ ጭጋጉ ከእንጦጦ እስከ አስፋልቱ ይወርዳል። አንድ ማታ ገና ቁልቁለቱ ላይ ካለው መታጠፊያ በላይ ሆኜ፣ ከታች አንድ የቆርቆሮ በር ሲጥ ብሎ ሲከፈት ሰማሁ። ስደርስ በሩ ወለል ብሏል፣ ሰው ግን የለም። በማግስቱም እንዲሁ፣ ከዚያም በኋላ በየቀኑ። እኔ ጭጋግ ውስጥ ነኝ፣ ማንም ሊያየኝ አይችልም፤ በሩ ግን ይከፈታል። ውስጡ ጨለማ ነው፣ የተቁላላ ሽንኩርት ይሸታል። አንድ ቀን ከዚያ ጨለማ የሴት ድምፅ «መጣህ?» አለ። ክው አልኩ! ቤታችን እንዴት እንደደረስኩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ለአባቴ ነገርኩት። እሱ ከነገርኩት ሁሉ የሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የጎማዬ ድምፅ ሰው ቤት ድረስ መግባቱን። አሳፈረው። በእሑዱ ፈታው፣ በናፍጣ አጠበው፣ ግሪስ ጠቀጠቀበት። በጣቱ ሲያሽከረክረው ጎማው ትንፍሽ አላለም። «አሁን ማን በር ይከፍትልሻል?» አለኝ።

በማግስቱ በዝናብ ውስጥ ያለ ድምፅ ወረድኩ። በሩ ተከፍቷል፤ መንገዱ መሃል አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን ተከናንበው ቆመዋል። ገጨኋቸው ስል ለጥቂት ያዝኩት ፍሬኑን። ዓይናቸው ብዙም አያይም መሰለኝ፣ እጃቸውን ዘርግተው መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ ጎማውን ዳሰሱት።

«ድምፁን ምን አደረጋችሁት?» አሉኝ።

«ግሪስ ተቀባ እማማ።»

«ውይ ልጄን! ታዲያ መምጣቱን በምን ልወቅ?»

ከበራቸው ክዳን ሥር አስጠግተውኝ ነገሩኝ። ልጃቸው አንድ የክረምት ጠዋት በሳይክሉ እንጦጦ ወጣ፣ በዚያው ቀረ። ጫካው ተፈለገ፤ እሱም አልተገኘ፣ ሳይክሉም አልተገኘ። ያቺን ጥርስ የሰበራት ራሱ ነው፣ ግቢ ውስጥ ሲጠግን በመዶሻ መትቶ። እሳቸው ያ የሚያነክስ ድምፅ ከመታጠፊያው ሲመጣ በር ይከፍታሉ፣ ራት ያቀርባሉ። «ዓይኔ ቢሳሳት ጆሮዬ አይሳሳትም» አሉኝ። ዝናቡ በነጠላቸው ጫፍ ይንጠባጠብ ነበር። አንጀቴን በሉት።

አባቴ ስነግረው አላሾፈም። መርካቶ ተመልሶ ሻጩን ጠየቀው፤ ሻጩ «በኬሻ ከመጣ ቁርጥራጭ ብረት መሃል ያገኘሁት ነው፣ የማን እንደሆነ በምን አውቃለሁ?» አለው። ጎማውን ፈትቶ ለእማማ ይዞላቸው ሄደ። አልተቀበሉትም። «ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ምን ያደርግልኛል? ካልዞረ አይናገርም። ለልጅህ ግጠምላት፤ ግሪሱን ብቻ አውጣልኝ» አሉት።

አወጣው። መጀመሪያ በጨርቅ፣ ከዚያ በናፍጣ፣ ከዚያ በጥርስ ብሩሽ፣ ብረቱ እስኪደርቅ ድረስ። «ያለ ግሪስ ይበላል እኮ ይሄ፣ ይበላል» እያለ ያጉረመርማል፤ እጁ ግን አላረፈም። ሲያሽከረክረውና ጠ-ጠ-ጠ ሲል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እናቴ አልወደደችውም። «የሞተ ሰው በየቀኑ ይጠራል እንዴ?» አለች። አባቴ «መሞቱን ማን ነገረሽ?» አላት።

ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜ ማታ ድምፁን ይዤላቸው እወርዳለሁ፣ በሩ ይከፈታል፣ ከውስጥ «ተመስገን» ይላሉ። እኔ እንደሆንኩ ያውቃሉ። ቢሆንም ራቱ ይቀርባል። አሁን በዚያ መንገድ ወደ እንጦጦ ፓርክ የሚወጣው መኪና ጩኸት ሌላውን ድምፅ ይውጠዋል፤ ያኔ ግን ከእኔ ጎማና ከባሕር ዛፉ ሹክሹክታ በቀር ምንም አልነበረም።

ጥቅምት ላይ አንድ ማታ፣ ሄደ ያልነው ጭጋግ ተመልሶ መጣ። ከመታጠፊያው በላይ ጆሮዬን አቁሜ ወረድኩ፤ የበር ድምፅ አልሰማሁም። ስደርስ በሩ ቀድሞ ተከፍቷል። እማማ ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል፣ ፊታቸው ፈክቷል። እንደዚያ አይቻቸው አላውቅም።

«እማማ፣ እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«አወቅኩሽ። ዛሬ ቀድሞሽ ገባ» አሉኝ። በማግስቱ እዚያ ግቢ የለቅሶ ድንኳን እንደሚተከል እኔ በምን ልወቅ? ግንባሬን ሳሙኝ፣ ግድግዳውን ይዘው ተነሱና «በሩን ከውጪ ሳቢልኝ ልጄ፣ ራቱ ይቀዘቅዛል» ብለው ገቡ።

ሳብኩት። ከቆርቆሮው ጀርባ፣ በቀስታ፣ ጠ-ጠ-ጠ አለ። ቆም አለ። ከዚያ አንዴ ጠ ብሎ ጸጥ አለ። ዞሬ ሳይክሌን አየኋት፤ አጥሩን ተደግፋ ቆማለች፣ ጎማዋ አይንቀሳቀስም።

ፈራሁ። የፈራሁት ግን እሱን አይደለም። ሳይክሌን ብገፋት ድምፁ ይሰማና እሳቸው ደግሞ ሌላ ሊጠብቁ ይነሳሉ ብዬ ፈራሁ። በመቀመጫዋ ይዤ የኋላ ጎማዋን ከመሬት አነሳሁት። ከበደኝ፣ ቁልቁለቱም ያዳልጣል። እንዲሁ አንጠልጥዬው፣ ቀስ እያልኩ፣ እስከ ቤት ድረስ ወረድኩ።